ከባድ ከባዱን ላክልኝ

ኅዳር 5 ቀን 2007፣ ዓርብ

ፍሬወይኒ ዛሬ ሱቅ መጣች። ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው ካምፓስ በር አጠገብ፣ የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብር ናት። የኮምፒውተሯ ፓወር ሰፕላይ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ትናንት ሞተ። ከዱባይ የመጣ፣ ስድስት ዓመት ያገለገለ፣ ገመዱ እየተነቀለ የሚሰካ ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለው እኔ ዘንድ የለም። እኔ ያለኝ «ስድስት መቶ ዋት» የተጻፈበት፣ ገመዱ ከሆዱ የማይነቀል ነው። አንዱን አውርጄ መዳፏ ላይ አስቀመጥሁላት።

«ከባድ ነው» አለች።

«ከባድ ነው» አልሁ።

ሌላ ክርክር አላስፈለገም። መቐለ ውስጥ ይህን ዕቃ በእጁ ሳይመዝን የሚገዛ ሰው አላየሁም። «ከቢድ ድዩ?»፣ ከባድ ነው ወይ፣ ይሉኛል ገና ከበሩ። ከባድ ከሆነ ውስጡ መዳብና ብረት አለ፤ ቀላል ከሆነ ባዶ ቆርቆሮ ነው። እኔም መርካቶ ለአብዱልወዱድ ስደውልለት የማዝዘው በዚሁ ቃል ነው፤ «ከባድ ከባዱን ላክልኝ»። የአጎቴ ልጅ ነው፤ ነገር ሁለት ጊዜ አይነገረውም።

ሥዩም ሄዶ ገጠመላት። ሥዩም ባለሙያዬ ነው፤ አምስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፤ በዕድሜም ከሁለት ዓመት በላይ አልበልጠውም። የድሮው የዲስክ ገመድ ከኋላ በኩል በደንብ ተጎንጉኖ ታስሮ ስለነበር እንዳለ ትቶት፣ የአዲሱን በፊት በኩል አንጠለጠለው። «አያምርም» አለኝ ሲመለስ። ማን ሊያየው ነው?

ኅዳር 14፣ እሑድ

ፍሬወይኒ ደወለች። ሓው ትለኛለች፣ ወንድም ማለቷ ነው። «ሓው ዛሂድ፣ ያ ከባዱ ፈነዳ» ብላ ሳቀች። ሰው በጣም ሲናደድ የሚስቀው ሳቅ። ዘጠኝ ቀን ነው የሠራው። ዲስኮቹ ደኅና ናቸው፣ አልሐምዱ ሊላህ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ሥዩም ዕቃውን አምጥቶ አራቱን ብሎን ፈታ። ክዳኑን አነሳ። ከዚያ፣ «ሓጂ፣ ቤት መሥራት ጀምረሃል እንዴ?» አለኝ። (ሐጅ አልሄድሁም። እዚህ ገበያ የወሎ ነጋዴ ሁሉ ሓጂ ነው።)

ውስጡ ሲሚንቶ ነበር። የሳሙና ቁራጭ የሚያህል፣ በቅርጽ የፈሰሰ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ከታችኛው ቆርቆሮ ጋር በማስቲሽ የተጣበቀ። የመዳቡ ጥቅልል የአውራ ጣቴን ግማሽ አይሆንም። የተቃጠለው ፕላስቲክ ሽታ ከሲሚንቶው አቧራ ጋር ተቀላቅሎ ሱቁን ሞላው። የጎረቤቴ የቅመም ሻጩ ሚዛን ላይ አስቀመጥሁት፤ አራት መቶ አሥር ግራም። የዕቃው ክብደት ሲሦ ማለት ነው። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ተቀምጦ ቅርጹን አውጥቷል፤ ሌላው አፍስሷል፤ ሌላው ቀለም ቀብቷል። ቀለም መቀባታቸው ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

አባቴ ሐይቅ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ነበር። ቅሉን በመዳፉ ከፍ አድርጎ ይመዝናል። ግን በዚያ አያበቃም፤ ስንደዶ ሰድዶበት ከታች ምን እንዳለ ይዳስሳል። ድንጋይም ያገኛል፣ የተፈጨ ሙዝም ያገኛል። እኔ እጁን ወረስሁ፤ ስንደዶውን አልወረስሁም።

አብዱልወዱድ ጋ ደወልሁ።

«ሲሚንቶ ላክህልኝ» አልሁት።

«ምን ብለህ ነበር ያዘዝከኝ?»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድሁም። ምን አልከኝ? ከባድ አልከኝ። አንተ ብቻ አይደለህም፤ አሥራ አንድ የክፍለ ሀገር ደንበኛ አለኝ፣ ሁሉም ከባድ ይላል። የሚሠሩትም ጆሮ አላቸው፣ ዛሂዴ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ይህ ሰው ከእኔ ጋር በአንድ ሰሐን በልቶ ያደገ ነው።

መደርደሪያ ላይ የቀሩትን ስድስቱን አሽጌ መለስሁለት። ከፍሬወይኒው ሌላ የተሸጡት አሥራ አራት ናቸው። የመጣ ሰው ቢኖር እለውጥለታለሁ። ሄዶ መፈለግ ግን አይቻልም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ሲሚንቶውን ይዤ ፍሬወይኒ ጋ ሄድሁ። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ፣ «ይኸውልሽ፣ የከፈልሽበት ይህ ነው» አልኋት። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ምን እንደሚገባቸው ነገርኋት፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ከውጭ ተማሪዎች ቆመው ያዩ ነበር። ገንዘቧን መለስሁላት። አልቀበልም አለች፤ ተቀበዪ አልሁ።

«ገንዘቡን ተወው። እኔን የቸገረኝ ጊዜው ነው» አለች። የጥቅምትና የኅዳር ሠርጎች፣ አሥራ አንድ፣ ሁሉም እዚያ ማሽን ውስጥ ናቸው። ጾሙ ትናንት ገባ፤ እስከ ገና ሠርግ ስለሌለ የምታቀናብረው አሁን ነው። ለገና ሳታስረክብ ከቀረች ለጥር የያዟት ሰዎች ሌላ ጋ ይሄዳሉ። ከጥር ውጪ ደግሞ የዓመት የቤት ኪራይ የሚከፍል ወር የላትም።

«እውነተኛውን አመጣልሻለሁ። በእኔ ይሁን» አልሁ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ከሥዩም ጋር ሒሳቡን ሠራን። የቪዲዮ ካርዷ መቶ ሃምሳ ዋት ይበላል፤ ፕሮሰሰሩ ዘጠና አምስት፤ ዲስኮቹ፣ ቦርዱና ማራገቢያዎቹ ተደምረው ከሃምሳ አይበልጡም። ሦስት መቶ አይሞላም። ያ «ስድስት መቶ» የተባለው ሲሚንቶ ሁለት መቶ እንኳ በቅጡ አይሰጥም ነበር። እውነተኛ አምስት መቶ ሃምሳ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ሰው ቁጥር ይገዛል። እኔም ቁጥር ስሸጥ ኖሬያለሁ።

ሥዩም የወርቅ ደረጃ ያለው ይሁን አለ። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ከግድግዳው መቶ ከሳበ ዘጠና ያህሉን ለማሽኑ ያደርሳል፣ አሥሩ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ርካሹ ሠላሳውን ያቃጥላል። የፍሬወይኒ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ማሽኑ አንድ ሠርግ ሲያወጣ ሙሉ ቀን ሳይጠፋ ይውላል። ሙቀቱ የሚበላው ዕቃውን ነው። ገመዱም የሚነቀል ይሁን፣ የማያስፈልገው ውስጥ ታጭቆ አየር እንዳይዘጋ። ገመዱ የሚነቀል መሆኑ ለነጋዴም ይጠቅማል፤ ያልተሰካው ይተርፋል።

ለሚስቴ ለሀፊሳ ስነግራት፣ «ወርቅ ከተባለ እኔ ሳላየው ለሌላ ሴት እንዴት ይሄዳል?» አለች። ሳቅን። ከዚያ ደግሞ ልብስ እያጣጠፈች፣ «ሌሎቹስ አሥራ አራቱ? የዋስትና ደብተርህ ላይ ስልካቸው የለም እንዴ?» አለች። ሻይ አምጪልኝ አልኋት።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ደረሰ። አብዱልወዱድን ትቼ ከሌላ አስመጪ ነው፤ ሁለት አዘዝሁ። ሥዩም በወንፊቱ በኩል ባትሪ አብርቶ ውስጡን ሲመረምር ቆየ። «ይህስ ሰው የሠራው ነው» አለ። ገመዶቹ ለብቻ በከረጢት ናቸው፤ ትልቁ ከረጢት የቦርዱና የካርዱ፣ ትንሹ የዲስኮቹ። ትንሹ ንጹሕ፣ በደንብ የታሸገ።

ፍሬወይኒ እያለፈች ገብታ አነሳችው። «ቀላል ነው እኮ!»

«ሲሚንቶ የለውም» አልኋት። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ያንን ሲሚንቶ አሁን ደረሰኝ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ንፋስ እንዳይወስድብኝ። ለመጣው ሁሉ አሳያለሁ፤ ታሪኩን እነግራለሁ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ጨምሯል።

ታኅሣሥ 2፣ ኀሙስ

በጥድፊያ። ዓዲ ሓቂ ሄድን፣ እኔም አብሬ። ማታ ከአስመጪው መኪና ዕቃ ስለምረከብ ቶሎ መመለስ ነበረብኝ። ሥዩም የቦርዱን በአዲሱ ገመድ ሰካ። የዲስኮቹ ላይ ሲደርስ ከኋላ የታሰረውን የድሮውን ገመድ አየና፦

«ይህን ፈትቼ አዲሱን ላድርግ?»

«ሶኬቱ ይገባል?»

«ይገባል።»

«ከገባ ተወው። ደኅና የታሰረ አትፍታ።»

«የመመሪያውን ወረቀት ላንብበው እስቲ መጀመሪያ።»

«እሑድ ታነበዋለህ።»

ትንሹን ከረጢት ኪሴ ከተትሁ። ሳይከፈት ነው፤ ለብቻው ይሸጣል።

ሊያበራው ሲል መብራት ሄደ። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። መጣ። ሥዩም ማብሪያውን ተጫነ። ጠቅ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ሽታ። ያንን ሽታ አሁን አውቀዋለሁ።

ሁለቱም ዲስኮች። የምትሠራበትም፣ ቅጂ የምታስቀምጥበትም። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። ቦርዱ ደኅና፣ ካርዱ ደኅና።

«መብራቱ ነው፣ ሲመጣ ከፍ ብሎ መጣ» አለ ከውጭ የገባ አንድ ተማሪ። ሁላችንም አዎ አልን።

ፍሬወይኒ አላለቀሰችም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የአውራ ጣቷን ጥፍር ታይ ነበር።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ሳስበው መብራቱ ብቻ አይደለም። መብራት እንደመጣ ወዲያው ማብራት አይገባም፤ እስኪረጋ ይጠበቃል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። «ቆይ» ያልሁት ይመስለኛል። ሥዩም ቸኮለ።

ዛሬ ነገርሁት። «ቆይ ብዬህ ነበር» አልሁት።

አየኝ። «መቼ?» አለ።

ወደ ደብተሬ ዞርሁ። ዕቃውን፣ መበየጃውንና ሦስት መፍቻዎቹን በካኪ ፖስታ ሰብስቦ ወጣ። የወሩን ደመወዝ ሙሉ ሰጠሁት። የሥራ ሰው ነው፤ አያጣም።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ሱቄ ያለበት ሮማናት አካባቢ ሁሉ ወሬው ደርሷል። ጽሕፈት መሣሪያ ሻጩ ገብረሕይወት ጠየቀኝ፤ ሥዩም መብራቱ ሳይረጋ አበራው አልሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቶቹም ጠየቁኝ፣ ሻይ ቤቱም። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ነው የሰጠሁት። አንድ ሰው ነገር ሲደጋግም እንደሚቀለው አላውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 9፣ ኀሙስ

ፍሬወይኒ ስታብላይዘር፣ የመብራቱን ከፍ ዝቅ ማለት የሚያስተካክለውን፣ ፈለገች። ሸጥሁላት፤ ትርፌን ቀንሼ። ዲስኮቹን ከገና በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የአክስቷ ልጅ ለጥገና ይወስድላታል። እስከዚያው የሠርጎቹን ባለቤቶች ስልክ አታነሳም። «እዋይ ሓው ዛሂድ፣ ሰው በሠርጉ ሲቀልድበት እንዴት እንደሚሰድብ ታውቃለህ?» አለችኝ። የአንዷ ሙሽራ እናት በር ድረስ መጥታ፣ «በልተሽ ጠጥተሽ ቪዲዮውን ዋጥሽው?» ብላታለች።

ይህ ከተማ ሰውን አይምርም። ውሃውም ከሚሳብበት ከዓይናለም መንደር ሦስት ቀን አልመጣም። የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ኖራ ለብሷል፤ ስፍቀው ዋልሁ።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

ገበያ ቀዝቃዛ። ሲሚንቶውን ለማሳየት አልፈለግሁም ዛሬ። ወደ ጠረጴዛው ሥር አደረግሁት።

አዲስ ባለሙያ ሞከርሁ፤ ከሰዓት አሰናበትሁት። መበየጃ ሲይዝ እጁ እንደ ማንኪያ ነው።

ታኅሣሥ 23፣ ኀሙስ

አንድ የባንክ ሠራተኛ የዲስክ ገመድ ፈለገ። ትንሹን ከረጢት አወጣሁለት፤ ልያቸው አለ፣ ከፈትሁት። ከገመዶቹ ጋር የታጠፈ ወረቀት ነበር። ሥዕል አለው፤ ሁለት ገመድ፣ አንዱ ላይ የመስቀል ምልክት፣ ከጎኑ ጭስ የሚወጣው ዲስክ። ሥሩ በእንግሊዝኛ፤ ሶኬቱ ቢገባም የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ አትጠቀሙ ይላል።

ሰውየውን ገመዱ አልቋል አልሁት። ከፊቱ ይዤው።

ወረቀት ብዙ ነገር ይላል። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጽፉት ገመዳቸውን ለመሸጥ ሊሆን ይችላል።

በሩን ግማሽ ዘጋሁ። ካዘዝኋቸው ሁለት አንዱ መደርደሪያ ላይ አለ። ከፍሬወይኒ የድሮው የዱባይ ዕቃ የተረፈ አንድ ገመድ ሥዩም መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ሥዩም ነገር አይጥልም። ሰካሁት። ገባ፣ ያለ ምንም ችግር ገባ። መለኪያውን አስጠጋሁ። ለዲስኩ አምስት ቮልት ሊደርስ በሚገባው መስመር ላይ አሥራ ሁለት አለ። ነቅዬ ደግሜ ለካሁ። አሥራ ሁለት። በራሱ ገመድ ሰካሁት፤ አምስት።

መብራቱ ምንም አላደረገም።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

ፍሬወይኒ ጠዋት አልፋ ገብታ ነበር፣ ደስ ብሏት። እኅቷ ቤት አንድ የድሮ ዲስክ ተገኝቷል፤ የስድስቱ ሠርግ ቅጂ አለበት፣ ሙሉ ባይሆንም። አዲስ ዲስክም ተውሳለች። ነገ ጠዋት ሁለቱንም ማሽኑ ውስጥ ትሰካለች።

ያው ገመድ እዚያ ነው። በደንብ እንደታሰረ።

«ቆይ፣ እኔ ሳልመጣ አትሰኪው» አልሁ።

«ለምን?»

«መብራቱ አይታመንም።»

«ሓወይ፣ ስታብላይዘር አለኝ እኮ። ከአንተ አይደል የገዛሁት?» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ከሰዓት ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቼ ቁጥሯን ፈለግሁ። አንድ ጊዜ ደወልሁ፤ አነሳች፤ «መልካም ጾም» አልኋትና ዘጋሁት። ጾሙ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል።

አብዱልወዱድ ስለ መውሊድ ሊያናግረኝ ደወለ። ቢዝቀው ቢዝቀው ወሬ አያልቅበትም። በመጨረሻ፣ «ያቺ የሲሚንቶዋ ሴት እንዴት ሆነች?» አለ። ድምፁን መስማት አስጠላኝ። ዛሬ ግን ምክንያቱ ሲሚንቶው አልነበረም።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ፣ መውሊድ

ነጭ ልብሴን ለብሼ ወጣሁ፣ ወደ መስጊድ። ባጃጁን ግን «ዓዲ ሓቂ» አልሁት።

ስደርስ የማሽኑ ጎን ተከፍቷል። የእኅቷ ዲስክ በእጇ ነው። ገመዱን በሌላው እጇ ይዛለች።

«አትሰኪው» አልሁ። ሰላምም አላልሁ።

ከረጢቱን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥሁ፤ ሲሚንቶውን ያስቀመጥሁበት ቦታ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። ሁሉንም ነገርኋት፤ ሥዩም ልቀይረው እንዳለኝ፣ ላንብበው እንዳለኝ፣ ከረጢቱን ኪሴ እንደከተትሁት። በአጭሩ ነው የነገርኋት። ረጅም አልነበረም ለካ፤ ሃያ ሦስት ቀን የተሸከምሁት ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ወረቀቱን አነበበች። ገመዱን አየች። ዲስኩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ዛሂድ» አለች። ሓው አላለችም። «ያን ቀን ሲሚንቶውን ይዘህ መጥተህ ስትጮህ፣ ታውቃለህ ምን አልሁ? ማጭበርበር እንዲህ የሚያስጠላው ሰው አያጭበረብረኝም አልሁ። በዚያ ነው ያመንሁህ።»

ያንን ገመድ ከማሽኑ ነቀልሁት።

«ሥዩምን አምጣልኝ» አለች። «አንተ ራስህ፣ በእግርህ።»

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ሥዩም ከወንድሙ ጋር የሞባይል ጥገና ጠረጴዛ ይዟል። ቆሜ ነገርሁት። አንገቱን አላነሳም፤ የሰው ስልክ እየፈታ ነበር። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አምስቱ ላይ አሥራ ሁለት ነው የገባው? ለክተሃል?»

«ለክቻለሁ። ሁለቴ።»

«ታዲያ ይህን ያን ቀን ብትለኝስ!» ብሎ ተነሳ። ያን ጊዜ ነው የተቆጣው። ስለ ስሙ አይደለም፤ ስለ ዲስኮቹ።

ነገሩን ያስረዳኝ ወደ ፍሬወይኒ እየሄድን ነው። ዲስኩ ላይ ከሰሊጥ ብዙም የማትበልጥ ዘብ አለች፤ ኃይል ሲበዛ እሷ ትሞትና መንገዱን ትዘጋለች፣ ውስጡ ይድናል። መንሥኤው ከታወቀ እሷን መንቀል ነው። ካልታወቀ ግን ማንም አይነካትም፤ «ተቃጥሏል» ተብሎ ይጣላል። ዘቧ ከተነቀለች በኋላ ደግሞ ዲስኩ በተሳሳተ ገመድ ዳግም ቢሰካ አበቃ።

ፍሬወይኒ ባትሪ ያዘች። ሥዩም በመበየጃው ጫፍ ነካት፣ በወረንጦ አነሳት። በትክክለኛው ገመድ ሰካው። ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር የሚሰማው ድምፅ እንደ ንብ ነው። ዘጠኝ ሠርግ ተነሳ።

ሁለተኛው አልተነሳም። እዚያ ላይ ብቻ የነበሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ የእኅቷ ዲስክ ላይ ተገኘ። አንዱ የትም የለም። የዓይናለሙ የኣረፋይነ ልጅ ሠርግ።

«እሱን አንተ ነህ የምትነግራቸው» አለችኝ።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ዓይናለም ሄድሁ። ኣረፋይነ ጨዋ ሰው ነው፤ አስቀመጠኝ፣ ሰማኝ፣ «ፎቶ አለን» አለ። ሚስቱ ውሃ አቀረበችልኝና ስጠጣ ታየኝ ነበር።

ከዚያ መልስ የዋስትና ደብተሩን ገለጥሁ። አሥራ አራቱም ስልካቸው አለ። ዘጠኙን ደወልሁላቸው። አንዱ፣ «እኔስ ደኅና እየሠራልኝ ነው፣ ከባድ ነው እኮ» አለኝ።

ጥር 1፣ ዓርብ

ፍሬወይኒ ለገና ስምንት አስረከበች። ሁለት በዚህ ሳምንት። እኔን ዕቃ አትጠይቀኝም አሁን፤ ለሥዩም ነው የምትደውለው።

ሥዩም ተመለስ ስለው፣ «ጠረጴዛዬ ይበቃኛል። አንተ ግን ያልኸውን ከየአፉ ሰብስብ» አለኝ።

ዛሬ ጀመርሁ። ከገብረሕይወት። ጥፋቱ የሥዩም አልነበረም፣ የእኔ ነው አልሁት። ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ኣየ ሓጂ! ልትሸፍንለት ነው። አንተ ጥሩ ሰው ነህ።» ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድሁ፤ ያው። ሻይ ቤቱ፤ ያው፣ እንዲያውም የሻዩን አትከፍልም አሉኝ። ሐሰቱን ስናገር በአንድ ጊዜ ያመኑኝ ሰዎች እውነቱን ስናገር ያመሰግኑኛል።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ሦስት ሱቅ ደግሜ ዞርሁ። አንዱ ለልጁ፣ «ተመልከት፣ ለሠራተኛው እንዴት እንደሚያዝን» አለው።

በዚህ አገር አፍ የማያሳምነውን የሚያሳምን አንድ ነገር ብቻ አለ። ተቀምጬ ጻፍሁ። አራት ጊዜ ቀደድሁ። አምስተኛው ይህ ነው፦

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ታኅሣሥ 2 ቀን 2007 ዓ.ም. በፍሬወይኒ ቪዲዮ ቤት ሁለት ዲስኮች የተቃጠሉት በመብራትም በአቶ ሥዩምም ምክንያት አይደለም። ከዕቃው ጋር የመጣውን ገመድ ለብቻው ለመሸጥ ብዬ የሌላውን ተወው ያልሁት እኔ ነኝ። መመሪያውን ላንብብ ብሎኝ ከልክያለሁ። ቆይ አላልሁትም።

ስሜን ጻፍሁ፣ ፈረምሁ፣ የሱቁን ክብ ማኅተም በሰማያዊ ቀለም መታሁበት።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ወረቀቱን ለሥዩም ወሰድሁለት። አነበበው። ወንድሙም ከትከሻው በላይ አነበበ። «ቆይ አላልሁትም» የምትለዋ መጨረሻ ላይ ሲደርስ የሥዩም ዓይን ቆመ።

ከዚያ ወረቀቱን መዳፉ ላይ ዘርግቶ፣ ደንበኞቼ ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ እኔ ራሴ እንደማደርገው፣ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረገው።

«ቀሊል እዩ፤ ሲሚንቶ የለውም» አለ። አጥፎም ደረት ኪሱ ከተተው።